ናሙናው ሳይታጠብ ሹራብ አይጀመርም

እንደምን ዋላችሁ። ይህ ንግግር ቀጥና ግልብጥ ዓይን መሥራት ለለመዱ፣ አሁን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ለቤትና ለቤተሰብ የሚሆን ሹራብ ለመሥራት ላሰቡ ነው። ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ዓይኑ ካረፈበት ፎቶግራፍ ነው። እኔ ግን ከሌላ በኩል እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ፦ ማን ይለብሰዋል? ማንስ ያጥበዋል፣ እንዴት አድርጎ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተገዛ ክር የቱንም ያህል ቢያምር ከመጀመሪያው እጥበት ላይተርፍ ይችላል። አብዛኛው ሹራብ የሚበላሸው እጅ ስላልሠለጠነ አይደለም። ልኩ ቀድሞ ስላልታወቀ ነው፤ ልኩ ደግሞ የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው።

አጠራሩን ላስቀድም። በመርፌው ላይ የተቀመጠችውን እያንዳንዷን ቀለበት ዓይን እላታለሁ። ከዳር እስከ ዳር የሚሠራው ረድፍ ነው፤ እንደ ቱቦ የሚዞረው ዙር። በፊት ለፊቱ ቀጥ በጀርባው ግልብጥ ተሠርቶ የሚወጣውን ገጽ ልሙጥ፣ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብቻ ተሠርቶ የሚወጣውን ጎርባጣ፣ ቀጥና ግልብጥ እየተፈራረቀ የሚለጠጠውን ጠርዝ ላስቲክ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ናሙናው፣ ልክ ለማወቅ ቀድሞ ወደሚሠራው ትንሽ ቁራጭ። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌና በመካከለኛ ውፍረት ክር 35 ዓይን ይዛችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሥሩ። 5 ሳንቲ ሜትር ሠርቶ መለካት ጥቅም የለውም፤ የዳር ዓይኖች ሁልጊዜ ከመሐሉ ይላላሉ ወይም ይጠብቃሉ። ከዚያ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ እጠቡት። ማጠቢያ መኪና ውስጥ የሚገባ ከሆነ ናሙናውም ይግባ፤ በእጅ የሚታጠብ ከሆነ በእጅ። ሳትወጥሩት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይድረቅ። ሲደርቅ ከመሐሉ 10 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ዓይኑን ቁጠሩ፤ ግማሽ ዓይን ካለ ግማሹንም ጻፉ። ወደ ላይም ረድፉን ቁጠሩ።

ግማሽ ዓይን ምን ያደርጋል የሚል ካለ ሒሳቡን አብረን እንየው። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዓይን ይላል እንበል፤ የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሹራብ 220 ዓይን ትይዛላችሁ። የእናንተ እጅ የሚያወጣው 20 ቢሆን እነዚሁ 220 ዓይኖች 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሹራቡ ለሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። 23 ቢሆን ደግሞ 95 ከግማሽ ገደማ ነው፤ ያለ ችግር መግባት የነበረበት ልብስ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ልዩነቱ ሲገኝ እጃችሁን ለማጥበቅ ወይም ለማላላት አትታገሉ፤ ሲደክማችሁ ወደ ልማዱ ይመለሳል። መርፌውን ቀይሩ። ዓይኑ ከበዛ መርፌውን በ0.25 ወይም በ0.5 ሚሊ ሜትር አወፍሩ፤ ካነሰ አቅጥኑ። መርፌው የተሠራበት ነገርም ልኩን ይለውጣል። ብረት ያንሸራትታል፣ እንጨት ክሩን ያዝ ያደርጋል። ስለዚህ ናሙናውን በአንዱ ሠርታችሁ ልብሱን በሌላው አትጀምሩ።

በዙር ለሚሠራ ልብስ ናሙናውም በዙር መሆን አለበት። በብዙ ሰው እጅ ግልብጥ ዓይን ከቀጡ ይላላል፤ በዙር ልሙጥ ሲሠራ ደግሞ ግልብጥ የሚባል የለም። ለዚህ አቋራጭ አለው። ባለገመድ መርፌ ያዙ፣ አንድ ረድፍ ቀጥ ሥሩ፣ ሥራውን ሳታዞሩ ወደ ገመዱ ሌላ ጫፍ ግፉት፣ ክሩን በጀርባ በኩል በደንብ አላልታችሁ አምጡና እንደገና ቀጥ ሥሩ።

ናሙናው ክር ስንት እንደሚበቃም ይነግራችኋል። 15 በ15 የሆነ የጎርባጣ ናሙና 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በወጥ ቤት ሚዛን 9 ግራም ከመዘነ፣ 75 በ90 የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ 6,750 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የናሙናው 30 እጥፍ ነው፤ 270 ግራም ይፈልጋል። ለጠርዝና ለክር ጫፎች አንድ አሥረኛ ጨምሩ፤ 300 ግራም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ይኼኛው ከተለያየ፣ መብራት ሥር የማይታይ ልዩነት ፀሐይ ላይ ደረታችሁን አቋርጦ መሥመር ይሠራል። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር የግድ ከተቀላቀለ ሁለት ረድፍ ከአንዱ፣ ሁለት ረድፍ ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩ፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይሰወራል።

ስለ ክሩ ባሕርይ። የበግ ሱፍ ጭረቱ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይገባል፤ አንዴ ከተያያዘ የሚፈታው የለም። በመኪና እንዲታጠብ የተዘጋጀ ሱፍ ቅርፊቱ የተወገደ ወይም የተሸፈነ ስለሆነ አይገባም፤ ነገር ግን ሲርስ ይረዝማል። ያልታጠበ ናሙና በብዛት የሚያታልለው በዚህ ክር ነው። ጥጥ ተለጥጦ አይመለስም፣ ከባድም ነው፤ የጥጥ ሹራብ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ የላስቲኩ ጠርዝም ቶሎ ይለግማል። አክሪሊክ እጥበት ይችላል፣ ግን ሙቀት አይችልም። በጋለ ካውያ አንዴ ከተተኮሰ ይዝላል፣ ምንጊዜም አይነሣም።

ዓመቱን ስትከፋፍሉ ጊዜን በግምት ሳይሆን በዓይን ቁጠሩ። የአዋቂ ሹራብ በመካከለኛ ክር 60,000 ዓይን ገደማ ነው። ሰዓት ይዛችሁ በደቂቃ ስንት እንደምትሠሩ እዩ፤ 25 ከሆነ 2,400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትይዙት 80 ቀን። ከሚፈለግበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ፤ ለእጥበት፣ ለመድረቅና ለተተረተረ ሥራ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተዉ። በአንድ ዓመት ለሁሉም የቤተሰብ አባል ሹራብ አደርሳለሁ ብሎ ከመነሣት ለአንድ ሰው ሹራብ፣ ለቀሩት ኮፍያና ካልሲ ማድረግ ይሻላል። አለበለዚያ ደስታው ጠፍቶ ግዴታው ብቻ ይቀራል።

መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ። ወፈር ያለ የጥጥ ክር 50 ግራም፣ 45 ዓይን፣ ጎርባጣ፣ አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ። ቢጣመም የሚከፋው የለም፤ እጅ የሚለካበት ሥራ ነው። የድስት መያዣም ከዚሁ ክር ይሠራል፤ 20 በ20፣ ሁለት ድርብ ተደርጎ። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለኝ፦ ለድስት መያዣ አክሪሊክ ፈጽሞ አይሁን። በጋለ ብረት ይቀልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። የጥጡም ቢሆን እርጥብ ሳለ አይያዝበት፤ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ያሳልፋል።

የአንገት ልብስ ሁለተኛ ይሁን። 40 ዓይን፣ 150 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ልሙጥ አድርጋችሁ ብትሠሩት ሁለቱ ጎኖች ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላሉ። ይህ የዓይኑ አሠራር ያመጣው ስለሆነ ካውያም እጥበትም ለዘለቄታው አያስተካክሉትም። ጎርባጣ ወይም ላስቲክ ሥሩት፤ ልሙጥ ካማራችሁ በሁለቱም ዳር 5 ዓይን ጎርባጣ አድርጉ።

ኮፍያ ዙር መሥራት ያስተምራል። የራሱ ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ኮፍያው 51 ይሁን፤ ተለጥጦ እንዲይዝ 5 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። በ22 ዓይን ልክ 112 ዓይን ይሆናል፤ ለ8 ስለሚካፈል ለአናቱ ይመቻል። በ3.5 ሚሊ ሜትር መርፌ 5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ፣ ከዚያ በ4 ሚሊ ሜትር ልሙጥ፣ ከጠርዙ 15 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ። አሁን በ14 በ14 ዓይን 8 ቦታ ክፈሉትና በየክፍሉ መጨረሻ ሁለት ዓይን ባንድ እየሠራችሁ ቀንሱ። በአንድ ዙር ቀንሱ፣ በቀጣዩ ሳትቀንሱ ሥሩ። በየክፍሉ 7 ሲቀር በየዙሩ ቀንሱ። በየክፍሉ 2 ሲቀር ክሩን ቆርጣችሁ በ16ቱ ዓይኖች ውስጥ አሳልፉና ሳቡት። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ዙሩን ስትገጥሙ መነሻው መርፌው ላይ ከተጠማዘዘ ነው፤ ከመተርተር በቀር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳችሁ የመነሻው ጠርዝ በሙሉ ወደ ውስጥ ማየቱን አረጋግጡ። ሁለተኛው የጠበቀ መነሻ ነው፤ ኮፍያው ይለጠጣል፣ ጠርዙ ግን ግንባር ላይ መሥመር እስኪወጣ ይቆርጣል። መነሻውን በአንድ ቁጥር በወፈረ መርፌ ያዙት።

አሁን ካልሲ፤ ሰፋ አድርጌ የምሄድበት ይህን ነው። ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1589 የካልሲ መሥሪያ መኪና ሠራ፤ ዛሬ ካልሲን በእጅ መሥራት በፍጥነትም በዋጋም ከመኪና ጋር አይወዳደርም። የእጅ ካልሲ የሚበልጠው በልክ ነው። የእግሩ መሐል ከፍ ያለ፣ ጣቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ጠባብ የሆነ ሰው ከመደርደሪያ የማያገኘውን ልክ ከእናንተ እጅ ያገኛል።

ክሩ 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይለን ይሁን፤ 100 ግራም፣ 400 ሜትር ገደማ። መርፌው 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ ሹል የሆኑ 5 አጫጭር መርፌዎች። ልኩ በ10 ሳንቲ ሜትር 30 ዓይን፣ 42 ዙር። የእግሩ ዙሪያ 23 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ካልሲው 21 ይሁን። 63 ዓይን ይወጣል፤ 64 ያዙ፣ በየመርፌው 16። ላስቲኩ 2 ቀጥ 2 ግልብጥ ሆኖ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሠራል፤ እንደሚለብሰው ሰው ፍላጎት ነው።

ተረከዙ በግማሹ፣ በ32 ዓይን ላይ ይሠራል። ቀሪው 32 መርፌ ላይ ይቆይ። በረድፍ 32 ረድፍ ልሙጥ ሥሩ፣ የየረድፉን የመጀመሪያ ዓይን ሳትሠሩ አሳልፉት። በየጎኑ 16 ትልልቅ የዳር ቀለበት ይወጣል፤ ቆይተን የምናነሣቸው እነዚህን ነው። ከዚያ መዞሪያው። ፊት ለፊቱን ይዛችሁ 18 ቀጥ፣ ሁለቱን ባንድ፣ 1 ቀጥ፣ አዙሩት። 1 አሳልፉ፣ 5 ግልብጥ፣ ሁለቱን ባንድ ግልብጥ፣ 1 ግልብጥ፣ አዙሩት። አሁን በየረድፉ ክፍተት ይታያችኋል። 1 አሳልፋችሁ ከክፍተቱ በፊት አንድ ዓይን እስኪቀር ሥሩ፣ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ባንድ፣ 1 ጨምሩ፣ አዙሩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ከተቀነሰው በኋላ የሚሠራ ዓይን አይኖርም፤ እንዳለ አዙሩት። ሲያልቅ 18 ዓይን ይቀራችኋል። 18 ካልሆነ አትቀጥሉ፤ መዞሪያውን ብቻ ተርትራችሁ እንደገና ሥሩ።

ከአንዱ ጎን 16፣ ከሌላው 16 አንሡ፤ ከ18ቱና ከቆዩት 32 ጋር 82 ይሆናል። በማዕዘኖቹ በየሁለት ዙሩ 2 ዓይን እየቀነሳችሁ ከ18 ዙር በኋላ ወደ 64 ትመለሳላችሁ። በማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ የሚወጣው በመጨረሻው የዳር ቀለበትና በእግሩ ላይኛው ዓይን መካከል ክሩ ስለሚላላ ነው። እዚያ ቦታ አንድ ተጨማሪ ዓይን አዙራችሁ አንሡና በቀጣዩ ዙር ከጎረቤቱ ጋር ባንድ ሥሩት። ከዚያ ሳትቀንሱ ቀጥሉ። ከካልሲው ሙሉ ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀር የጣቱን ቀንሱ፤ በሁለቱም ጎን በአንድ ዙር 4 ዓይን፣ በየሁለት ዙሩ፣ 32 እስኪቀር። ቀጥሎ በየዙሩ፣ 16 እስኪቀር። የቀሩትን 8 በ8 ፊት ለፊት አድርጋችሁ በጥልፍ መርፌ የዓይኑን መንገድ እየተከተላችሁ አጋጥሙ፤ ስፌት ጣት ላይ እንዳይቆረቁር።

ካልሲ ቶሎ የሚበሳው ክሩ ስለቀጠነ ብቻ ይመስለናል። ዋናው ምክንያት የላላ ሥራ ነው፤ ዓይኖቹ ሰፊ ከሆኑ ክሩ በየእርምጃው ጫማ ውስጥ ይፋተጋል። ያው ክር በ3 ሚሊ ሜትር ሲሠራ ይለሰልሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

የሕፃን ብርድ ልብስ ጎርባጣ ወይም ድፍን ይሁን እንጂ ባለ ቀዳዳ አይሁን፤ ትንንሽ ጣቶች ይጠመዳሉ። ዘርፍ፣ ቁልፍ፣ ማሰሪያ አታድርጉበት። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በተኛበት አልጋ ላይ የላላ ብርድ ልብስ መተው አደገኛ ስለሆነ፣ ስጦታውን ስትሰጡ ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ መሬት ላይ የሚነጠፍ ወይም ሰው እያየ የሚለበስ መሆኑን ለእናቱ ንገሯት። መኪና የሚችል ክር ይሁን፤ ሕፃን ያለበት ቤት በእጅ እጥበት ጊዜ የለውም።

ሹራቡ ከአንገት ወደ ታች ቢሠራ እመርጣለሁ፤ መሐል ላይ አልብሶ ማየት ይቻላል። ደረቱ 96 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 8 አላልታችሁ 104 አድርጉ፤ በ22 ልክ 228 ዓይን ነው። አንገቱ ከዚህ 40 በመቶ ገደማ፣ 92 ይሁን። ለፊት 38፣ ለኋላ 38፣ ለየእጅጌው 8። በአራቱ መገናኛዎች ግራና ቀኝ በየሁለት ዙሩ 8 ዓይን ጨምሩ። ከ64 ዙር በኋላ ፊትና ኋላው 102 በ102፣ እጅጌዎቹ 72 በ72 ይሆናሉ። እጅጌዎቹን በተረፈ ክር ላይ አቆዩና በየብብቱ 12 አዲስ ዓይን ጨምሩ፤ አካሉ 228 ሞላ። እጅጌው ከብብቱ 12 ጋር 84 ሆኖ ይጀምራል፤ በየ6 ዙሩ 2 እየቀነሳችሁ 19 ጊዜ ስትደግሙ አንጓው ላይ 46 ይደርሳል። ክሩ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ልቃቂት ትርፍ ያዙ።

ብዙዎች ረድፍ መቁጠርን የሚንቁት እዚህ ድረስ ስላላስቸገራቸው ነው። እዚህ ግን ያስቸግራል። በ10 ሳንቲ ሜትር 30 ዙር ከሆነ 64ቱ ዙር 21 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው። የእናንተ 27 ከሆነ ወደ 24 ይጠጋል፤ ብብቱ ይወርዳል፣ ክንድ ሲነሣ ሹራቡ በሙሉ ይነሣል። ስፋቱ ልክ ሆኖ ሳለ "አልተመቸኝም" የሚባለው ሹራብ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መጨመሪያውን በጥቂት ቦታ በየዙሩ አድርጋችሁ ጠቅላላውን ወደ 58 ዙር አውርዱት። ሌላው ደግሞ ፊትና ኋላው እኩል ከሆነ አንገቱ ጉሮሮ ይነካል፤ ከአንገቱ ላስቲክ ቀጥሎ በጀርባ በኩል ብቻ 6 አጫጭር ረድፍ እየተመለሳችሁ ሥሩና 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ስለ ስሕተት። አንድ ዓይን ከመርፌ ወርዳ እንደ መሰላል ብትተረተር አትደንግጡ፤ በኪሮሽ ከታች ይዛችሁ እያንዳንዷን የክር እርከን እየሳባችሁ ወደ ላይ አውጧት። የተቀነሰ ወይም የተጨመረ ቦታ ላይ ከወረደች ግን ይወሳሰባል። ባለ ቀዳዳ ሥራ ላይ በየ10 ረድፉ ለስላሳ የጥጥ ክር በዓይኖቹ ሁሉ ውስጥ አሳልፋችሁ ተዉ፤ ብትተረትሩም እዚያ ላይ ይቆማል። የምሽት ሥራ ድካም ሲጀምር አቁሙ፤ በድካም የሚሠራ ረድፍ ጠዋት ይተረተራል። እጅም በየግማሽ ሰዓቱ ዕረፍት ይፈልጋል፤ አንጓ ላይ የሚሰማ መደንዘዝን ችላ አትበሉ።

ያለቀውን በ30 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ከታች ደግፋችሁ አውጡና በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን እየተጫናችሁ አስወጡ። በሜትር እየለካችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉት። አትስቀሉት፤ እርጥብ ሱፍ በማንጠልጠያ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል። ሲቀመጥም ታጥፎ ይቀመጥ። ብል የሚበላው ሱፉን ቢሆንም የሚስበው ላብና የምግብ ጠብታ ነው። ስለዚህ ሳይታጠብ ወቅቱን የሚያልፍ ሹራብ አይኑር፤ በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ይግባ። የብል ትል ከተጠረጠረ ከረጢቱን በማይነስ 18 ዲግሪ በረዶ ቤት ውስጥ ለበርካታ ቀናት አቆዩት።

ከየሥራው 10 ሜትር ክር ለመጠገኛ አስቀሩ፤ የልቃቂቱን ወረቀትም ከናሙናው ጋር እሰሩት። ያንን ክር ከሹራቡ ጋር እጠቡት፤ አለበለዚያ ተረከዙ ሲጠገን አዲሱ ክር ከታጠበ በኋላ ብቻውን ይገባና አሮጌውን ይሸበሽበዋል። አሁን 2.5 ሚሊ ሜትር መርፌና የካልሲ ክር የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የተረከዙን መዞሪያ በ32 ዓይን ላይ አብረን እንሠራለን።